ከመጥፋቱ በፊት የተጀመረ ፍለጋ፦ ስለ ኒው ጀርሲ ድሮኖችና ስለጠፋው ራዲዮአክቲቭ ዕቃ



ይህን ትምህርት መጀመሪያ ያቀረብኩት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 በአንድ ቅዳሜ፣ እዚህ ሜሪላንድ በወጣቶች ክፍላችን ነው። ለዚያ ቀን ያዘጋጀሁት ሌላ ርዕስ ነበር። ገና ሳልጀምር ግን አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «አንክል፣ ድሮኖቹ የጠፋውን ራዲዮአክቲቭ ነገር እየፈለጉ ነው የሚባለው እውነት ነው?» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ስልኩን አስቀምጦ ቀና አለ። ባስተማርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ያዘጋጀሁትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ጥያቄው ለእኔ በሁለት በኩል ይከብዳል። አንደኛ ነገር፣ ሥራዬ ይኸው ነው። በሆስፒታል የኑክሌር ሕክምና ቴክኖሎጂስት ነኝ፤ ጠፋ የተባለው ዓይነት ዕቃ በእጄ ያልፋል። ሁለተኛውን ምክንያት ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ የሚያኮራ አይደለም።

መጀመሪያ የሆነውን እናስቀምጥ። በኖቬምበር 2024 አጋማሽ፣ ከ18ኛው ቀን ጀምሮ፣ በሰሜን ኒው ጀርሲ በሞሪስ ካውንቲ ሰዎች በሌሊት የሚንቀሳቀሱ መብራቶች በሰማይ ላይ አየን ማለት ጀመሩ። አንዳንዱ የታየው ፒካቲኒ አርሰናል በሚባለው የጦር ሠራዊት ተቋም ላይ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ከመጀመሪያውም እንደ ቀልድ አልታየም። ወሬው ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ፔንሲልቫኒያ፣ ከዚያም ወደ እኛው ሜሪላንድ ተዛመተ። ኤፍቢአይ ያየ ሰው እንዲጠቁም ጥሪ አደረገ፤ ከ5,000 በላይ ጥቆማ ደረሰው።

በሌላ በኩል፣ በዲሴምበር 2 ቀን በደቡብ ኒው ጀርሲ ኒውፊልድ ከምትባል ከተማ አንድ የካንሰር ሕክምና ማዕከል አገልግሎቱን የጨረሰ አንድ ትንሽ ራዲዮአክቲቭ ዕቃ እንዲወገድ ላከ። ሳጥኑ ተጎድቶ ባዶውን ደረሰ። እንዲህ ያለ ነገር ሲጠፋ ሪፖርት ማድረግ ግዴታ ነው፤ ሪፖርቱም በአሜሪካ የኑክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን ገጽ ላይ ማንም እንዲያነበው ወጣ።

እስከዚህ ድረስ የነገርኳችሁ ሁሉ እውነት ነው። መብራት ታይቷል፤ ዕቃ ጠፍቷል። ወሬውን ጠንካራ ያደረገውም ይኸው ነው። ጭልጥ ያለ ውሸት ቶሎ ይታወቃል፤ ሁለት እውነት ተይዞ በመካከላቸው አንድ ክር ሲዘረጋ ግን ሰው ሁለቱን ጫፎች አረጋግጦ ክሩን ሳይመረምር ያልፋል። ክሩን የዘረጉትም ተራ ሰዎች አልነበሩም። በካንሳስ የድሮን ኩባንያ የሚመራ ሰው፣ እነዚህ ድሮኖች በሌሊት የሚበሩት መሬት ላይ ያለ ነገር ለማሽተት፣ ምናልባትም የጋዝ ፍሳሽ ወይም ራዲዮአክቲቭ ነገር ለመፈለግ ሊሆን ይችላል ብሎ ግምቱን በቪዲዮ ተናገረ። ቪዲዮው በሚሊዮን ለሚቆጠር ሰው ደረሰ። ከዚያም የኒው ጀርሲዋ የቤልቪል ከተማ ከንቲባ በቴሌቪዥን ቀርበው ያንን የጠፋውን ዕቃ ጠቅሰው፣ ድሮኖቹ እሱን እየፈለጉ ይሆናል አሉ። «ይሆናል» ነበር ያሉት። ቃሉ ከቴሌቪዥን ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ግን «ይሆናል» መንገድ ላይ ወደቀች።

አሁን ቀኖቹን ተመልከቱ። መብራቶቹ መታየት የጀመሩት ኖቬምበር 18 ነው። ዕቃው ከማዕከሉ የወጣው ዲሴምበር 2 ነው። ፈላጊዎቹ ከጠፋው ነገር ሁለት ሳምንት ቀድመው ወጡ ማለት ነው። በገጠር በሬ የጠፋበት ሰው በየሸንተረሩ ይዞራል፤ በሬው በረት ታስሮ እያለ ግን ባትሪ ይዞ ሌሊቱን ሲዞር የሚያድር ገበሬ አላየሁም።

ይህን ስል ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ፣ «ከዚያ በፊት የጠፋ ሌላ ነገር ቢኖርስ? ቢደብቁትስ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብልህ ልጅ ነው። ግን ምን እንደተፈጠረ አስተውሉ። ወሬውን እንድናምን ያደረገን የታተመው ሪፖርት ነበር። ሪፖርቱ ከቀኑ ጋር ሲጣላ ሪፖርቱን ጥለን ወደ ሌላ፣ ማንም ወዳላየው ዕቃ ዞርን። ማስረጃው ሄደ፤ ፍርሃቱ ግን ቀረ። ይህንን ለልጁ ስነግረው ትንሽ አሰበና፣ «ታዲያ ምንም አልቀረኝም ማለት ነው» አለ። ሳቅን።

ሌላም አለ። ዕቃው ብዙም ሳይቆይ ተገኝቶ ወደ አምራቹ ተመልሷል። መጥፋቱን የሰማ ብዙ ነው፤ መገኘቱን የሰማ ግን በክፍሌ አንድም አልነበረም። የእናንተም ስልክ መጥፋቱን እንጂ መገኘቱን አላመጣላችሁም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ዕቃው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፣ ቤቴ ስለሆነ። ጀርማኒየም-68 ይባላል፤ በቀጭን የብረት መያዣ የታሸገ፣ እርሳስ የሚመስል ዘንግ ነው። ፔት ስካን የሚባለው የካንሰር መመርመሪያ ማሽን በትክክል ማየቱን የምናረጋግጥበት ነው። ሚዛን ያለው ነጋዴ በየጊዜው የታወቀ ክብደት ጭኖ ሚዛኑን እንደሚፈትነው፣ እኛም በሽተኛ ከመግባቱ በፊት ማሽኑን በዚህ እንፈትነዋለን። የጀርማኒየም-68 ግማሽ ዕድሜ 271 ቀን ገደማ ነው፤ ማለትም በዚያ ጊዜ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሌላ 271 ቀን ደግሞ የቀረው በግማሽ። ስለዚህ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለሥራ ስለሚደክም ለማስወገድ ይላካል። ኒውፊልድ የላከችውም እንዲህ የደከመውን ነው፤ የቀረው ኃይል ከአንድ ሚሊኪዩሪ በታች ነበር።

አንድ ሚሊኪዩሪ ስንት ነው? ለፔት ስካን የሚመጣ አዋቂ በሽተኛ በደም ሥሩ የምንሰጠው መድኃኒት ብዙ ጊዜ 10 ሚሊኪዩሪ ገደማ ነው። ምርመራው ሲያልቅ ልብሱን ለብሶ፣ መኪናውን አስነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚያች ሰዓት ያ ሰው ከጠፋው ዘንግ ከአሥር እጥፍ በላይ ጨረር ያወጣል፤ እርግጥ የእሱ ቶሎ ያልቃል፣ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ስለሚሟሽሽ። ዘንጉን ማንም ኪሱ ከትቶ ለቀናት ይዙር እያልኩ አይደለም፤ ሕጉም ሪፖርት ያስደረገው በከንቱ አይደለም። ግን አንድ የካንሰር ታማሚ በመኪናው ሲያልፍ ድሮን ካልተከተለው፣ ዘንጉን ሊፈልግ የድሮን መንጋ የሚወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞም ቢወጣ አያገኘውም። ጨረር እንደ ሻማ ብርሃን ነው፤ በራቃችሁ ቁጥር ይደክማል፣ ድካሙም ፈጣን ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ሩብ ይሆናል። በ1 ሜትር ላይ ያለው በ100 ሜትር ላይ ወደ አንድ አሥር ሺህኛ ይወርዳል። የዚህች ደካማ ዘንግ ጨረር ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ከአፈርና ከድንጋይ፣ ከሰማይም ሁልጊዜ በሚመጣው የተፈጥሮ ጨረር ውስጥ ይጠፋል።

እውነተኛ ፍለጋ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ይመልከት። በጃንዋሪ 2023 ሴዚየም-137 የያዘች፣ ቁመቷ 8፣ ስፋቷ 6 ሚሊሜትር የሆነች እንክብል ከአንድ የማዕድን ማውጫ ወደ ፐርዝ ስትጓዝ ከጭነት መኪና ላይ ወደቀች። መንገዱ 1,400 ኪሎ ሜትር ነው። ኃይሏ ከኒው ጀርሲዋ ዘንግ በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ነበር። መንግሥት ደብቆ አልተኛም፤ ሕዝቡን አስጠነቀቀ፣ የእንክብሏን መጠን በሥዕል አሳየ፣ ያየ እንዳይነካ ነገረ። በፌብሩዋሪ 1 ያገኟት የጨረር መለኪያ ይዞ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የነበረ መኪና ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ከአስፋልቱ ጠርዝ 2 ሜትር ያህል ብቻ ርቃ። ለመፈለግ ወደ ዕቃው ይቀርባሉ እንጂ ወደ ሰማይ አይወጡም። በአየር የሚደረግ ልኬት የለም ማለቴ አይደለም። በፉኩሺማ ድሮን ተጠቅመዋል፤ እዚህ ዋሽንግተንም ትልልቅ በዓላት ሲቃረቡ የኢነርጂ ሚኒስቴር ሄሊኮፕተሮች ዝቅ ብለው እየበረሩ ይለካሉ፤ አስቀድሞም ለሕዝብ ይነገራል።

ሰው ራዲዮአክቲቭ ሲባል መፍራቱ ግን ስንፍና አይደለም። በ1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ የሕክምና ማሽን ወስደው ፈቱት፤ ውስጡ ያለው ሴዚየም በጨለማ ሰማያዊ ስለሚያበራ ለቤተሰብና ለጎረቤት አከፋፈሉት። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ተመረመረ። እኔ ሥራ ስጀምር ያስተማሩኝ ይህንን ታሪክ ነው። ስለዚህ «አትፍሩ» ብዬ አላልፍም፤ ፍርሃታችሁ በልኩ ይሁን ነው የምለው፤ ልኩን የሚነግረን ደግሞ ቀኑ፣ መጠኑና ርቀቱ ነው።

አሁን ያቆየሁትን ልናገር።

ያንን የካንሳሱን ቪዲዮ እኔም አስተላልፌዋለሁ። ከሥራ ስወጣ፣ በጣም የማከብረው አንድ ወንድም ላከልኝ። ግማሹን አየሁ። ደክሞኛል፤ «ተጠንቀቁ» የሚል አንድ ቃል ጨምሬ በዋትስአፕ ወደ ቤተሰባችን ቡድን ላክሁት። ጀርማኒየም በእጄ የሚያልፍ ሰው ነኝ እኮ! የሚሠራበትን ነገር ያላወቀ ሰው ቢልከው ይፈረድበት ይሆን? እኔ ግን ያንን ሁሉ እያወቅሁ፣ ለሁለት ደቂቃ እንኳ ስላላሰብኩ ነው የላክሁት። ጂዳ ያለችው እህቴ ወደ ጓደኞቿ አሳለፈችው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት እናቴ ከደሴ ደወለች። እያለቀሰች ነበር።

እዚህ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ልጆች አንድ ነገር ተረዱልኝ። ለእናንተ ድሮን ለልደት የሚገዛ፣ ሠርግ የሚቀረጽበት ነገር ነው። ለእናቴ ግን ባለፉት የጦርነት ዓመታት የሰማችው ቃል ነው። «አሜሪካ ላይ ድሮንና መርዝ ወረደ» ብሎ ነው ቪዲዮው ከጎረቤት አፍ የደረሳት። የልጅ ልጆቿን ስም አንድ በአንድ እየጠራች ደህና መሆናቸውን ጠየቀችኝ። ሁሉንም አስረዳኋት፤ ዕቃው ትንሽ መሆኑን፣ ቀኑም እንደማይገጥም። በጸጥታ ሰማችኝና፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ካወቅህ ታዲያ ለምን ላክኸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ለቡድኑ ማረሚያ ጻፍሁ፤ ረጅም፣ በቁጥር የተሞላ። ሁለት ሰው አውራ ጣት አደረገልኝ።

ይህን ለክፍሉ ስነግር ጥያቄውን ያነሳችው ልጅ ዝም ብላ ቆየችና ሌላ ነገር አወጣች። ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ በቀልድ፣ «ድሮኖቹ የአጎትሽ ናቸው?» ብሏት ነበር። ለካስ የመጣችበት ጉዳይ ጀርማኒየም አልነበረም።

ቀልዱ ከሰማይ አልወረደም። በዚያው ሳምንት፣ በዲሴምበር 11፣ ከኒው ጀርሲ የተመረጡ አንድ የኮንግረስ አባል ድሮኖቹ የሚነሱት በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከቆመ የኢራን መርከብ ነው ብለው በቴሌቪዥን ተናግረው ነበር። ፔንታጎን በዕለቱ እንዲህ ያለ መርከብ የለም ብሎ አስተባበለ። አሁን ሁለቱን ወሬዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ በአንዱ የጠፋ ራዲዮአክቲቭ፣ በሌላው የሙስሊም አገር መርከብ። ሁለቱን ለሚያገናኝ ሰው ሦስተኛው ወሬ ምን እንደሚሆን እኔ መጻፍ አያስፈልገኝም። ሂጃብ ለብሳ ኮሪደር ላይ የምትሄድ ልጅ ነበረች የምትከፍለው። ስለዚህ ቪዲዮውን የላክሁ ቀን የላክሁት በራሴ ተማሪ ላይ ጭምር ነው። እኛ ስማችን በሐሰት ሲነሳ እንጮኻለን፤ መጮኽም ይገባናል። በሌላው ወሬ ላይ ግን እጃችን እንዴት እንደሚፈጥን!

ስለዚህ ጉዳይ ከቁርኣን ሰው ቶሎ የሚጠቅሰው የሱረቱል ሁጁራትን 6ኛ አንቀጽ ነው፤ ወሬ ሲመጣ ማጣራትን የሚያዘውን። እኔ ለዚያ ክፍል የመረጥኩት ግን የሱረቱ አን-ኒሳእን 83ኛ አንቀጽ ነው፤ ምክንያቱም የሚናገረው በተለይ ስለ ሰላምና ስለ ፍርሃት ወሬ ነው፤ ሰምተው ወዲያው ስለሚበትኑ ሰዎች። ነገሩን ወደ መልእክተኛውና ወደ ባለሥልጣናቱ ቢመልሱት ኖሮ መርምረው የሚያወጡት ያውቁት ነበር ይላል መልእክቱ። ለ«መርምሮ ማውጣት» የገባው የዐረብኛ ቃል ኢስቲንባጥ ነው፤ ሥሩ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ ማውጣት ነው። ልጆች፣ ውሃ ከጉድጓድ ቀድቶ የሚያውቅ ከእናንተ መካከል የለም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ የሚወጣው ጭቃ ነው። ንጹሑ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ።

ጉድጓዱን የቆፈሩትም ነበሩ። በዲሴምበር 16 ኤፍቢአይ፣ የአገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስቴር፣ የአቪዬሽን አስተዳደሩና ፔንታጎን በጋራ መግለጫ ሰጡ። ከ5,000ው ጥቆማ መቶ ያህሉ ብቻ ምርመራ የሚያስቀጥል ሆኖ ተገኘ። ሰዎች ያዩት በሕጋዊ መንገድ የሚበሩ የንግድ፣ የመዝናኛና የፖሊስ ድሮኖች፣ አውሮፕላኖች፣ ሄሊኮፕተሮች፣ እንዲሁም በስህተት ድሮን የተባሉ ከዋክብት ድብልቅ ነው አሉ። በወታደራዊ ክልል የታዩ እንዳሉም አልካዱም። በዚያን ጊዜ በዚህ አገር የተመዘገበ ድሮን ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደነበረም ገለጹ፤ በሌሊት መብረርም መብራት እስከያዘ ድረስ ይፈቀዳል። በጃንዋሪ 28፣ 2025 ደግሞ ዋይት ሃውስ ብዙዎቹ ለምርምርና ለሌላ ጉዳይ በአቪዬሽን አስተዳደሩ ፈቃድ የበረሩ እንደነበሩ አስታወቀ። በእኔ ግምት መልሱ ዘግይቷል፤ ባለሥልጣን ሲዘገይ ወሬ ቦታውን ይይዛል። ወሬው ግን ያለ ዋጋ አልነበረም፤ ሰዎች ድሮን መስሏቸው ወደ መንገደኛ አውሮፕላን ሌዘር ማብራት ስለጀመሩ ኤፍቢአይ የአብራሪዎች ዓይን እየተጎዳ ነው ብሎ ማስጠንቀቅ ነበረበት።

ከዋክብት ድሮን ተባሉ ስል ክፍሉ አላመነኝም። የቀድሞው የሜሪላንድ አስተዳዳሪ ላሪ ሆጋን ከቤታቸው ሆነው በደርዘን የሚቆጠሩ ድሮኖችን ቀረጽኩ ብለው የለጠፉትን ቪዲዮ አሳየኋቸው። በቪዲዮው ውስጥ የሚታየው ኦሪዮን የተባለው የኮከብ ስብስብ ነበር። «ገዥ የነበረ ሰው?» አሉ። ገዥ ስለነበረ ዓይኑ ከሌላው አይለይም። በጨለማ ውስጥ አንድ የብርሃን ነጥብ ላይ ዓይናችሁን ብትተክሉ፣ የሚንቀሳቀስ ይመስላችኋል። ወደ እናንተ ፊት ለፊት የሚመጣ አውሮፕላን ደግሞ ለደቂቃዎች የቆመ ይመስላል።

ዒሻእ ከሰገድን በኋላ ጃኬታችንን ለብሰን ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣን። አውሮፕላን የሚያሳየውን አፕ ሦስት ልጆች ከፈቱ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ መብራት ቆጠርን፤ ዘጠኙ በስልኩ ላይ ስማቸውና መድረሻቸው ተጽፎ ተገኘ። አሥረኛው በምዕራብ በኩል ዝቅ ብሎ የሚያበራ፣ ከሁሉም የደመቀ ነበር። «ይኸው! ይሄ አፑ ላይ የለም!» ብሎ ያ የኋላ ወንበር ልጅ ጮኸ። ቬነስ ናት። አሥራ አንደኛው በምሥራቅ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ያለው የኦሪዮን እግር ነው፤ ሪጀል ይሉታል፣ ሪጅል ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፣ እግር ማለት። ጥያቄውን ያነሳችው ልጅ ስልኳን አውጥታ አነሳችው። ለዚያ ለቀለደባት ልጅ ልትልክለት ነው አለችኝ። ምን ብላ እንደምትጽፍለት ጠየቅኋት። «መጀመሪያ አንተ ምን እንደሆነ ንገረኝ ነው የምለው» አለች።